የድሮ ካርቱን ፍለጋና የልጆች ቅዳሜ፦ ለቦርዱ የምናቀርበውን ሐሳብ አብረን እናርቅቅ

የልጆች ክፍል አስተባባሪ

ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው ስብሰባ በቃል ያነሳሁትን ይኸው በጽሑፍ አምጥቻለሁ። የድሮ የካርቱን ፊልሞችን በካሴትና በዲስክ ፈልገን እናሰባስብ፤ በወር አንድ ቅዳሜ ልጆችና አያቶች አብረው ይዩ ነው የምለው። ሐሳቡ ገና ጥሬ ነው። ሁላችሁም እጃችሁን አስገቡበት።

መነሻዬ እማዬ ናት። ከአዲስ አበባ ወደዚህ ወደ አሜሪካ ከመጣች ሁለተኛ ዓመቷ ነው። የልጄ አማርኛ ሰባራ ነው፤ እሷ ደግሞ እንግሊዝኛ የላትም። አንድ እሑድ ከሠፈር ጋራዥ ሴል (ሰው ጋራዡ ውስጥ አሮጌ ዕቃ ዘርግቶ ከሚሸጥበት) በ1 ዶላር የገዛሁትን የቶም እና ጄሪ ካሴት ከፈትኩላቸው። ጄሪ አምልጦ ጉድጓዱ ሲገባ ሁለቱም እኩል ሳቁ። እማዬ «አይ ይቺ አይጥ!» አለች። ልጄ «አይጥ» የሚለውን ቃል ያን ቀን ያዘ፤ እስካሁንም አልለቀቀውም። ያለ አስተርጓሚ አንድ ሶፋ ላይ የሚያስቀምጣቸው ነገር ብዙ የለንም።

ግን ያገኙትን ካሴት ሁሉ ማፈስ ብር መጣል ነው። የቶም እና ጄሪ የመጀመሪያዎቹ 114 አጫጭር ፊልሞች እ.ኤ.አ. ከ1940 እስከ 1958 የወጡት የዊሊያም ሃና እና የጆሴፍ ባርቤራ ናቸው። ሰባት ኦስካር ያገኙት እነዚህ ናቸው። ከዚያ በ1961 እና በ1962 ጂን ዳይች ፕራግ ላይ 13 ሠራ፤ ቻክ ጆንስ ደግሞ ከ1963 እስከ 1967 34 ጨመረ። ርካሽ ካሴት ላይ ሁሉም ሊደባለቁ ይችላሉ። ስለዚህ ሽፋኑን ገልብጡና የየፊልሙን ስምና ዓመት አንብቡ። የእኛ ትኩረት የመጀመሪያዎቹ ይሁኑ። ለካሴት፣ ለዲስክና ለዴክ (ለካሴት ማጫወቻው) 900 ዶላር እንጠይቅ እላለሁ።

የቴክኒክ ክፍል አባል

ደግፌያለሁ። ዴኩን ግን ከሁሉም አስቀድሙ። የመጨረሻው አምራች እ.ኤ.አ. በ2016 ስላቆመ አዲስ ዴክ የለም፤ ያገለገለ ነው የምንገዛው። ሲገዛ እዚያው ካሴት ከቶ፣ አጫውቶ፣ ወደ ኋላም አጠንጥኖ ማየት ነው። ሻጩ «ይሠራል» ስላለ ብቻ አይወሰድም።

ካሴት ስትመርጡ በመስኮቱ በኩል የተጠቀለለውን ጥብጣብ በብርሃን እዩት። ጠርዙ ላይ እንደ ዱቄት ነጭ ነገር ካለ ሻጋታ ነው። ዴክ ውስጥ እንዳታስገቡት! ሄዱን (ጥብጣቡን የሚያነበውን ክፍል) ያበላሻል፤ ቀጥሎ የሚገባውንም ካሴት ይበክላል። ከዚያ በጎን ያለችውን ትንሽ ቁልፍ ተጫኑና ክዳኑን ከፍ አድርጉ። ጥብጣቡ የተጨማደደ ወይም የታጠፈ ከሆነ ተዉት።

ዲቪዲም እምነት የሚጣልበት አይደለም። ከ2006 እስከ 2008 አካባቢ ከታተሙት አንዳንዶቹ ጭረት ሳይኖርባቸው መሐል ላይ ቀጥ ይላሉ። እስከ መጨረሻው ሳንሞክር መደርደሪያ ላይ አናስቀምጥ። ሸክላ የሚያህለው ሌዘር ዲስክ ጥሩ ጥሩ ስብስቦች አሉት፤ ማጫወቻው ግን ሌላ ጣጣ ስለሆነ ለዘንድሮ ይቆየን።

እናት፣ የቅዳሜ ትምህርት ረዳት

እህቴ፣ ሐሳብሽ ደስ ይላል። አንድ ነገር ግን ሳላነሳ ባልፍ ሕሊናዬ አይፈቅድልኝም። እኛ እዚህ አገር የምናሳድገው ጥቁር ልጆች ነው። በነዚያ ፊልሞች ውስጥ ፊቷ የማይታይ፣ እግሯ ብቻ የሚታይ ጥቁር የቤት ሠራተኛ አለች። አነጋገሯ ጥቁር ሴቶችን ለማሳቂያ የተሠራ ነው። ፈንጂ ፈንድቶ ፊት ሲጠቁር ጥቁር ሰው ላይ የሚያላግጡ ቀልዶችም አሉ። የሰባት ዓመት ልጄ «እማዬ፣ ለምን ፊቷን አያሳዩዋትም?» ብላኝ መልስ አጥቼ ቴሌቪዥኑን አጥፍቻለሁ።

ስለዚህ አንድ ትልቅ ሰው እያንዳንዱን ፊልም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳያይ ለልጆች አይከፈት። ይህ በዕቅዱ ላይ ይጻፍልኝ።

የልጆች ክፍል አስተባባሪ

ልክ ነሽ፤ እኔ ነበርኩ ማንሳት የነበረብኝ። ይጻፋል። በየጊዜው የወጡት ቅጂዎች ራሳቸው አንድ ዓይነት አይደሉም። በ1960ዎቹ ለቴሌቪዥን ተብሎ ሠራተኛዋ በሌላ ሴት ተተክታ እንደገና የተሳለችባቸው አሉ። በ1990ዎቹ ድምፅዋ በሌላ ተዋናይት ተቀይሯል፤ አንዳንድ ትዕይንትም ተቆርጧል። በ2007 በወጣው ዲቪዲ ላይ ሁለት ፊልሞች ጨርሶ ተትተዋል።

የኔ ሐሳብ እንዲህ ነው። ለልጆች የማይሆኑትን ለልጆች አናሳይም። ያልተቆረጠው ቅጂ ካገኘነው ግን አንጥለውም። ለብቻው ይቀመጥ፤ ከታዳጊዎቹ ጋር ስለ ጉዳዩ ስንወያይ ከወላጅ ጋር ይታይ። ሽፋኑ ላይ የትኛው ቅጂ እንደሆነ እንጻፍበት። ይስማማሻል?

እናት፣ የቅዳሜ ትምህርት ረዳት

ይስማማኛል። ቀድመው ከሚያዩት አንዷ እኔ እሆናለሁ።

አንጋፋ አባል

ልጆቼ፣ በርቱ። እኔ የቴክኒኩን አላውቅም፤ አንድ ጥያቄ ግን አለኝ። በ1986 ዓ.ም. ከአገር ስወጣ አራት ካሴት ይዤ ነበር። ከኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ላይ ለልጆቼ የቀዳሁት ነው። አባባ ተስፋዬ ተረት ሲነግሩ አለበት፤ ከእሱ ቀጥሎ ካርቱን አለ። ባለቤቴ ነፍሷን ይማርና በሰማያዊ እስክሪብቶ «የልጆች፣ እንዳይጠፋ» ብላ ጽፋበታለች። እዚህ ገዝቼ የሞከርኩት ዴክ ሁሉ የሚሮጥ መስመር ብቻ ነው የሚያሳየኝ። ተበላሽቷል ብዬ ተውኩት። አልጣልኩትም።

የቴክኒክ ክፍል አባል

ጋሼ፣ ካሴቱ ላይሆን ይችላል ችግሩ። የዚህ አገር ካሴት የሚቀዳበት የቴሌቪዥን ሲስተም ኤንቲኤስሲ ነው፤ የኛ አገሩ ፓል ነው። አንዱ በ525 መስመር፣ ሌላው በ625 መስመር ነው ምስል የሚሠራው። የአሜሪካ ዴክ የፓል ካሴት ሲገባበት የሚያደርገው ልክ እርስዎ እንዳሉት ነው። ጀርባውን ይዩልኝ። «ኢ-180» የሚል ከሆነ ለፓል አገር የተሠራ ነው፤ የዚህ አገሩ «ቲ-120» ነው የሚለው። ሁለቱንም የሚያጫውት መልቲ ሲስተም ዴክ ያስፈልገናል።

አንጋፋ አባል

አሁን መነጽሬን አድርጌ አየሁት። አራቱም «ኢ-180» ይላሉ።

የልጆች ክፍል አስተባባሪ

ጋሼ፣ ይህን ሳነብ ዕቅዱን እንደገና ማየት እንዳለብን ገባኝ። ቶም እና ጄሪ ዛሬም ነገም ይገዛል። የእርስዎን ካሴት ግን ማንም ጋራዥ ውስጥ ዘርግቶ አይሸጠውም። እንደ እርስዎ ጓዳው ውስጥ ያስቀመጠ ስንት አባል ይኖር ይሆን! ቅደም ተከተሉ ይገልበጥ። መጀመሪያ ለአባላት ጥሪ እናድርግ፤ ከአገር የመጣ ካሴት ያለው ያምጣ፤ ወደ ኮምፒውተር እንገልብጥለት። ግዢው ከዚያ በኋላ ይምጣ።

ገንዘብ ያዥ

እንዲህ ከሆነ እኔም እጄን አወጣለሁ። 900 ዶላር ለአሮጌ ካርቱን ቦርዱ አይፈቅድም ነበር። 600 ዶላር ይሁን፤ አብዛኛው ለመልቲ ሲስተሙ ዴክና ለመገልበጫው ይዋል፤ ለግዢ 150 ይበቃል።

ሁለት ነገር ግን ይታረም። ለቤት የተሸጠ ካሴት አዳራሽ ውስጥ ለሕዝብ ለማሳየት ፈቃድ ይጠይቃል። ስለዚህ ለቅዳሜው የባለቤትነት መብታቸው ባለቀ ፊልሞች እንጀምር። ከ1941 እስከ 1943 የወጡት፣ የማክስ ፍሌሸር ስቱዲዮ ጀምሮ ፌመስ ስቱዲዮ የጨረሳቸው 17 የሱፐርማን ካርቱኖች እዚህ አገር ነፃ ናቸው። የፖፓይ ሦስቱ ረጃጅም ባለቀለም ፊልሞችም እንዲሁ። ቶም እና ጄሪን አባላት ተውሰው ቤታቸው ይዩት። ሁለተኛ፣ ከቴሌቪዥን የተቀዳው ለባለቤቱ ቤተሰብ ይገልበጥ እንጂ ኢንተርኔት ላይ አይጫን።

ሰብሳቢ

ተስማምተናል ብዬ ልጻፈው። የመጀመሪያው ሥራ የአባላት ካሴት፣ ቀጥሎ ወርኃዊው ቅዳሜ፣ መጨረሻ ግዢ። ማንኛውም ፊልም በሁለት ወላጆች ሳይታይ ለልጆች አይከፈት። በጀቱ 600 ዶላር። ዴኩን የቴክኒክ ክፍሉ ይፈልግ፤ ተሞክሮ ሳይታይ ክፍያ የለም። የጥሪውን ማስታወቂያ አስተባባሪዋ በአማርኛም በእንግሊዝኛም እስከ ሐሙስ ታዘጋጅ።

አንጋፋ አባል

ካሴቶቹን ቅዳሜ ላምጣቸው?

የቴክኒክ ክፍል አባል

ያምጧቸው ጋሼ። መኪና ውስጥ ፀሐይ ላይ እንዳይተዉብኝ። ዴኩ እስኪገኝ እኔ ጋ ደረቅ ቦታ ይቆያሉ፤ ሻጋታ መኖር አለመኖሩንም አብረን እናያለን። የመጀመሪያውን የምንከፍተው እርስዎ ባሉበት ነው።