ጥቆማ፦ ድሬዳዋ ለሚቀመጥ አንድ ሰርቨር ፕሮክስሞክስ፣ ሃይፐር-ቪ ወይስ ቪኤምዌር?

ጥያቄ፦ ከዚራ ላለ አስመጪ ድርጅት ነው። ያገለገለ ዴል አር730፣ ሁለት ባለ 8 ኮር ፕሮሰሰር፣ 64 ጊጋ ራም። ፒችትሪ (የሂሳብ ሶፍትዌር)፣ የሠራተኛ አሻራ ሶፍትዌር እና የፋይል ማከማቻ ለየብቻቸው እንዲሠሩበት ተፈልጓል። አንድን ማሽን ለብዙ ቨርቹዋል ኮምፒውተሮች (ቪኤም) ከሚከፋፍሉት ከሦስቱ ሶፍትዌሮች የትኛው ይጫን? ወይስ ቴሌክላውድ (የኢትዮ ቴሌኮም ክላውድ) ላይ መከራየት ይሻላል?

መልስ፦ ቪኤምዌርን ተዉት። ብሮድኮም እ.ኤ.አ. በ2023 ከገዛው ወዲህ አንዴ ገዝቶ መገላገል ቀርቷል፤ በኮር ተቆጥሮ በየጊዜው የሚታደስ ክፍያ ነው። ነፃው የቪኤምዌር ቨርዥን ኢኤስኤክስአይ በ2024 ጠፍቶ በ2025 ቢመለስም ኤፒአይው (ሌሎች ሶፍትዌሮች የሚገናኙበት በር) ማንበብ ብቻ ስለሚፈቅድ እንደ ቪም ያሉ የባክአፕ ሶፍትዌሮች አይሠሩበትም። ባክአፕ የማይወጣለት የሂሳብ ሰርቨር ምን ይረባል?

ፕሮክስሞክስ ጫኑ። ዜድኤፍኤስ (ዲስኮችን ራሱ የሚያጣምር የፋይል ሲስተም) ከፈለጋችሁ መጀመሪያ ዲስኮችን የሚያጣምረውን ኤች730 ሬድ ካርድ ዲስኮቹን እንዳሉ ወደሚያሳልፈው ኤችቢኤ ሞድ ቀይሩት፤ ሬድ ላይ ሬድ አይደረብም። የዜድኤፍኤስን ካሽ 8 ጊጋ ላይ ገድቡት፤ የቆዩት ቨርዥኖች ዝም ካሏቸው ግማሹን ራም ይወስዳሉ። ለፒችትሪው ዊንዶውስ 24፣ ለአሻራው 8፣ ለፋይሉ የኤልኤክስሲ ኮንቴይነር (ቀላል የሊኑክስ ክፍልፋይ) 4 ጊጋ ስጡ፤ የቀረው ለሆስቱ (ለዋናው ሲስተም) እና ለመጠባበቂያ ነው። ኮንቴይነር የሆስቱን ከርነል (የሲስተሙን እምብርት) ስለሚጋራ ዊንዶውስ አይገባበትም፤ ለዊንዶውስ ሙሉ ቪኤም ያስፈልጋል።

ሁለት ቦታ ላይ ሰው ይደናገጣል። አፕዴት ሲደረግ 401 የሚለው ስህተት የሚመጣው የሚከፈልበት ሪፖዚተሪ (የአፕዴት ምንጭ) ስለተመረጠ ነው፤ አጥፉትና ኖ-ሰብስክሪፕሽን የሚለውን ጨምሩ። ዊንዶውስ ሲጫን ዲስክ አላገኘሁም ካለ ደግሞ የጎደለው ድራይቨር ነው፤ የቪርትአይኦን (የቪኤም ድራይቨሮች) አይኤስኦ ፋይል በሁለተኛ ሲዲ ድራይቭ አያይዙና ሎድ ድራይቨር በሚለው አስገቡት።

ከታይዋን ገበያ የሚገዛ የላፕቶፕ ኤስኤስዲ እዚህ ላይ አይገባም። መብራት ድንገት ሲሄድ በመንገድ ላይ ያለውን ዳታ የሚያድን ካፓሲተር የለውም፣ ዜድኤፍኤስም ብዙ ስለሚጽፍ ቶሎ ይጨርሰዋል። የሰርቨር ኤስኤስዲ ያገለገለም ቢሆን ይሻላል።

ሌላ መልስ፦ አቦ፣ ሊኑክስ የሚነካ ሰው ቢሮው ውስጥ ከሌለስ? ፕሮክስሞክስ ነፃ ቢሆን በውስጡ የሚሠራው ዊንዶውስ ሰርቨር ነፃ አይደለም። ስታንዳርድ ላይሰንስ 16 ኮርና ሁለት ዊንዶውስ ቪኤም ይሸፍናል፤ ከእናንተ ማሽን ጋር ልክ ይገጥማል። ላይሰንሱ ለማንኛውም ከተገዛ ሃይፐር-ቪ ዊንዶውስ ሰርቨር ውስጥ ስላለ ተጨማሪ ብር አይጠይቅም። ብቻ ሆስቱ ላይ ከቪኤም ማስተዳደር ውጪ ምንም አትጫኑ። የሆስቱ አፕዴት ሪስታርት ሲጠይቅ ሁሉም ቪኤም አብሮ ስለሚወርድ ለእሁድ ይቀጠር። ቼክፖይንትን (ቪኤሙ በአንድ ቅጽበት የነበረበትን ሁኔታ መያዣ) እንደ ባክአፕ አትቁጠሩት፤ ከተረሳ ፋይሉ እያበጠ ሄዶ ዲስኩ ሲሞላ ቪኤሙ ይቆማል።

ሌላ መልስ፦ የቱንም ምረጡ፣ ዴል ለዚህ ማሽን መደበኛ አሠራር የሚፈቅደው ሙቀት እስከ 35 ዲግሪ ነው። ግንቦትና ሰኔ ላይ በሩ የተዘጋ ክፍል ይህን ያልፋልና ኤሲ የሌለው ክፍል ውስጥ አታስቀምጡት። ዩፒኤሱን በዩኤስቢ አገናኝታችሁ ባትሪው ሊያልቅ ሲል ሰርቨሩ ራሱን እንዲዘጋ አድርጉ። ፕሮክስሞክስ ለአንድ ቪኤም እስከ 180 ሰከንድ ይጠብቃል፣ ከዚያ ሆስቱ ይዘጋል፤ በሙሉ ጭነት 10 ደቂቃ የማይዝ ዩፒኤስ አትግዙ። መብራት ተመልሶ ወዲያው ሊጠፋ ስለሚችል ባዮስ ውስጥ ኤሲ ፓወር ሪከቨሪ ዲሌይን 240 ሰከንድ አድርጉት።

ቴሌክላውድ ከሙቀትና ከመብራት ጣጣ ያሳርፋል፣ ግን መስመር ሲቋረጥ ሂሳብ ክፍሉ ሥራ ይፈታል። የፒችትሪን ፋይል በኢንተርኔት ሼር አድርጎ መክፈትም ዳታውን ያበላሻል፤ የግድ በሪሞት ዴስክቶፕ መሆን አለበት፣ ለዚያ ደግሞ ለየተጠቃሚው ሌላ ላይሰንስ አለ። የማታውን ባክአፕ ሁለተኛ ኮፒ ለማስቀመጥ ግን ተከራዩት።