ካሊፎርኒያ ውስጥ ፔት ሾፕ (የቤት እንስሳት መሸጫ ሱቅ) ልገዛ ነው፤ ቡችላና ጥንቸል መሸጥ ይቻላል?

ሀብታሙ_ኤልኤ
ሰላም ለሁላችሁ። ኢንግልዉድ አካባቢ የሚሸጥ ፔት ሾፕ አግኝቻለሁ። አሁን ዓሣ፣ ወፍና መኖ ነው የሚሸጥበት። ባለቤቱ «ቡችላና ጥንቸል ከሬስኪው (ባለቤት ያጡ እንስሳትን ከሚያነሳ ድርጅት) አምጥተህ በ900 ዶላር ትሸጣለህ፣ ግማሹ ያንተ ነው» ይላል፤ የሱቁንም ዋጋ የቆለለው በዚሁ ሒሳብ ነው። ሕጉ ይፈቅዳል? ካልሆነስ ጥንቸሎቹን እኔው ባረባ?

መርካቶ_90
ሰውየው የሚነግርህ አሁን የማይሠራውን የድሮ ሕግ ነው። ከጃንዋሪ 1 ቀን 2019 ጀምሮ የሠራው ኤቢ 485 የተባለው የካሊፎርኒያ ሕግ ውሻ፣ ድመትና ጥንቸል ከሼልተር (ከእንስሳት መጠለያ) ወይም ከሬስኪው እስከመጡ ድረስ ሱቁ ራሱ እንዲሸጣቸው ይፈቅድ ነበር። ነጋዴዎች ቀዳዳውን ለማግኘት አልዘገዩም፤ ከሚድዌስት (ከመካከለኛው አሜሪካ ስቴቶች) አራቢዎች የሚጫኑ ቡችላዎች በወረቀት ብቻ «ሬስኪው» በሆኑ ድርጅቶች በኩል እያለፉ ሱቅ ይገቡ ጀመር። ኤቢ 2152 የወጣው ይህን ለመዝጋት ነው። ከ2021 መጀመሪያ ወዲህ ፔት ሾፕ ሦስቱን መሸጥ ቀርቶ በራሱ ስም ለአዶፕሽን (ወስዶ ለሚያሳድግ ሰው) መስጠትም አይችልም።

የቀረልህ ለሼልተር ወይም ለሬስኪው ማሳያ ቦታ መስጠት ነው። ለዚያም በቀጥታም ሆነ በዘወርዋራ ምንም አትቀበልም። እንስሳው የመከነ መሆን አለበት፤ ወሳጁ የሚከፍለውም ሁሉም ተደምሮ ከ500 ዶላር አይበልጥም። ስለዚህ 900ም «ግማሹ»ም ሁለቱም ወደቁ።

ቦታ ከሰጠህ ገንዘቡ በአንተ ሬጅስተር (የሒሳብ መቀበያ ማሽን) አይለፍ። ማመልከቻውን የሬስኪው ሰው ይቀበል፣ ደረሰኙም በእነሱ ስም ይቆረጥ። ወሳጁ መውጫው ላይ የሚገዛው ምግብና ማሰሪያ ግን ያንተ ሽያጭ ነው።

ሐረር_ጀጎል
ስለማርባቱ፦ ራሱ ያረባውን *ብቻ* የሚሸጥ ሰው በሕጉ አራቢ እንጂ ፔት ሾፕ አይደለም። ነገሩ ያለው «ብቻ» ላይ ነው። ከጅምላ ነጋዴ ያመጣኸውን ዓሣና ወፍ እዚያው እየሸጥክ ጥንቸሉ ጓሮህ ቢወለድም ፔት ሾፕ ነህ።

ሬስኪው ነን ብለው ሲመጡ ደግሞ ስማቸውን አይአርኤስ (የፌዴራሉ ግብር መሥሪያ ቤት) ድረ ገጽ ላይ፣ ከግብር ነፃ ድርጅቶች መፈለጊያው ውስጥ አስገባና እይ። 501ሲ3 (ከግብር ነፃ የሆነ የበጎ አድራጎት ድርጅት) ካልሆኑ፣ ወይም ከአራቢና ከደላላ በገንዘብ የሚያመጡ ከሆነ በሕጉ ሬስኪው አይደሉም። ስምንት ሳምንት የሆናቸው ንጹሕ ዘር ቡችላዎች በየሳምንቱ ይዘው ከመጡ እኔ በሩን አልከፍትላቸውም።

ሀብታሙ_ኤልኤ
ተባረኩ። ታዲያ አይጥ መሰሎቹ ጊኒ ፒግና ሃምስተርስ? ኤሊም አለ ብሎኛል።

ወፍ_ቆጣሪ
ጊኒ ፒግና ሃምስተር በስቴቱ ሕግ ይፈቀዳሉ፤ የከተማውን ለብቻ ጠይቅ፣ ከስቴቱ የጠበቀ ሕግ ያለው ከተማ አለና። ከሌላ ስቴት የመጣ ሰው የሚሳሳተው ጀርቢል (ሌላ ትንሽ አይጥ መሰል እንስሳ) ላይ ነው፤ ቴክሳስ እንደልብ ይሸጣል፣ ካሊፎርኒያ ግን በቤት ማቆየቱም ክልክል ነው። ፌረት (ረጅም ቀጭን ሥጋ በል እንስሳ)፣ ሄጅሆግ (ትንሽ እሾሃማ እንስሳ) እና ኩዌከር ፓሮት የሚባለው በቀቀንም እንደዚያው።

ለኤሊው ማስመሪያ ይዘህ ሂድ። የጀርባ ቅርፊቱ ርዝመት ከ4 ኢንች ካነሰ ለቤት እንስሳነት መሸጥ በፌዴራል ደንብ ከ1975 ጀምሮ የተከለከለ ነው፤ ሳልሞኔላ የሚባል በሽታ አምጪ ባክቴሪያ ስለሚያስተላልፍና ትንሹን ሕፃናት አፋቸው ውስጥ ስለሚከቱት። ቅርፊቱን ከአንገት በኩል እስከ ጭራ በኩል ቀጥ አድርገህ ለካ፤ ሜትሩን ጉብታው ላይ ካጠፍከው ትንሹ ትልቅ ይመስልሃል። ዋጋ ከመነጋገርህ በፊት ያለውን እንስሳ በዓይነትና በቁጥር አስጽፈው፤ የማይሸጠውን አንተ እንዳትረከበው።