ወደ ሐይቅ ከተማ ልዛወር ነው፤ ኑሮው እውነት የሐይቅ ዳር ኑሮ ነው?

ጥያቄ፦ ተዛዋሪው መምህር

የተከበራችሁ ወገኖች፣ ለሚቀጥለው የትምህርት ዘመን ከነባለቤቴ በደቡብ ወሎ ወደምትገኘው ሐይቅ ከተማ እዛወራለሁ። ከተማዋን የማውቃት ከደሴ ወደ ወልድያ ሳልፍ በአውቶቡስ መስኮት ብቻ ሲሆን፣ ያየሁትም ሱቆችን፣ ባጃጆችንና ፍራፍሬ ሻጮችን እንጂ ውሃውን አልነበረም። ለባለቤቴ ግን ሐይቅ ዳር እንደምንኖር ነግሬያታለሁና የምታውቁ ብታስረዱኝ አመሰግናለሁ።

መልስ፦ የተሁለደሬ ልጅ

እንኳን ደህና መጡ መምህር። ለባለቤትዎ የነገሩትን ከአሁኑ ትንሽ ቢያለዝቡት ይሻላል፤ ከተማዋ የምትኖረው በአስፋልቱ ነው፣ ውሃውም ከዋናው መንገድ በስተምሥራቅ በባጃጅ የሚኬድበት ነው። የተሁለደሬ ወረዳ መቀመጫ ስለሆነች የቢሮ ሠራተኛው፣ ከገጠር ምርቱን ይዞ የሚወጣው ገበሬና ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ የሚመጣው ነጋዴ ይገናኙባታል፤ አየሯም ከደሴ ብርድ ጋር ሲነጻጸር ለስላሳ ነው። ከሰዓት በኋላ ጫቱ ብዙ ሰው ቤት ያስቀምጣል፣ ይህን አልደብቅዎትም። በሌላ በኩል ዕቃዎን አራግፈው ሳይጨርሱ «አብሽሩ» የሚል ጎረቤት ለቡና ይጠራችኋል። ሠርግ ሲሆን ደግሞ ለሙስሊሙና ለክርስቲያኑ ሥጋው ለየብቻ ታርዶ ለየብቻ ይሠራል፣ እንግዳው ግን በአንድ ዳስ ይቀመጣል፤ ድስቶቹ እንዳይቀላቀሉ የሚጠብቁትም ብዙ ጊዜ የሌላው ሃይማኖት ጎረቤቶች ናቸው።

መልስ፦ ዓሣና ውሃ

ከላይ የተጻፈው ትክክል ቢሆንም ውሃውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ማለፍ አይገባም። ሐይቁ ከ80 ሜትር በላይ ጥልቀት አለው፤ ከፍ ብሎ ከሚገኘው ከአርድቦ ሐይቅ የሚወርደው ወንዝ ይገባበታል፣ በገጽ የሚወጣ ወንዝ ባይኖረውም ውሃው ጨዋማ አይደለም። ዛሬ በከተማው ምግብ ቤቶች ጎኑ በቢላ ተሸንትሮ በዘይት የሚጠበሰው ቀረሶ የሐይቁ ነባር ዓሣ አይደለም፤ በ1970 ዓ.ም. አካባቢ ከሌላ ቦታ መጥቶ የተጨመረ ነው። ቀድሞ በጥራቱ ይታወቅ የነበረው ውሃ ከዚያ ወዲህ አረንጓዴ እየሆነ ሲሄድ፣ ተመራማሪዎች ከምክንያቶቹ አንዱ አድርገው ያቀረቡት ውሃውን አረንጓዴ የሚያደርገውን አልጌ የሚበሉትን ደቃቅ እንስሳት ዓሣው መጨረሱን ነው። ዓሣ አጥማጁ ማታ የጣለውን መረብ ጠዋት ሲያነሣ መጠኑ ያነሰ ዓሣ ቢያገኝም ይሸጠዋል፤ የጠባብ ዓይን መረብ ነገር ሃይ ባይ ካላገኘ እንጀራው አብሮ መሄዱ አይቀርም።

መልስ፦ ደብተራው

ወንድሞቼ የከተማዋን ዋና ነገር ዘለላችሁት። ወደ ውሃው ዘልቆ በገባው መሬት ላይ ያለው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም፣ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አቡነ ኢየሱስ ሞአ ያስተማሩበትና አቡነ ተክለ ሃይማኖት የተማሩበት፣ አበምኔቱም «ዓቃቤ ሰዓት» ተብለው በቤተ መንግሥት ትልቅ ሥልጣን የነበራቸው ገዳም ነው። የአቡነ ኢየሱስ ሞአ ወንጌል የተባለው የብራና መጽሐፍም የዚሁ ቦታ ቅርስ ነው። ከተማዋ የምትኖረው በአስፋልቱ ነው የተባለው ለንግዱ እውነት ነው፤ ለስሟ ግን አይሠራም፣ አገር የሚያውቃት በዚህ ገዳም ነውና።

ጠያቂው፦ ተዛዋሪው መምህር

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ባለቤቴ ገዳሙን መሳለም ትፈልጋለች፤ ይቻላል?

መልስ፦ የተሁለደሬ ልጅ

ሴቶች ወደ ወንዶቹ ገዳም ውስጥ አይገቡም፤ እስከ ተፈቀደው ቦታ ድረስ ሄደው ከውጭ ይሳለማሉ። አብራችሁ ውሃውን ማየት ከፈለጋችሁ ዳር ላይ ዓሣ የሚጠብሱ መዝናኛዎች አሉ። ቤት ሲከራዩ ውሃ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ አከራዩን ሳይሆን ጎረቤቱን ይጠይቁ፤ አጎበርም ይዘው ይምጡ።