ገበሬው የራሱ ማኅበር ቢኖረው መንግሥት ይሰማዋል?

የለገዳዲ ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

አባቴ ለገዳዲ አካባቢ ገበሬ ነው። ጤፍና ስንዴ ያርሳል፣ ሁለት የሚታለቡ ላሞች አሉት። ባለፈው ሰሞን ስብሰባ ተጠርቶ ሄደ። ሲመለስ "ስለ ምን ነበር?" አልኩት። "መንገድ ይወጣል አሉን፤ ፈርሙ አሉን፣ ፈረምን" አለኝ። ምን ላይ ነው የፈረምከው? "ወረቀት ላይ ነዋ!" የስም መቆጣጠሪያ ይሁን የስምምነት ቃለ ጉባኤ እስካሁን አልገባኝም። እሱም አያውቀው፣ አብረውት የነበሩት ጎረቤቶቻችንም አያውቁት። ሻይና ዳቦ እንደነበረ ግን ሁሉም ያስታውሳሉ።

በዚያው ሳምንት እንግሊዝ አገር የሚኖር የአክስቴ ልጅ ደወለ። እዚያ የገጠር መሬት ያላቸው ሰዎች የራሳቸው ማኅበር አላቸው፣ ሕግ ገና ሲረቀቅ አስተያየታቸው ይጠየቃል፣ ሚኒስትር ስብሰባቸው ላይ መጥቶ ጥያቄ ይመልሳል አለኝ። እኔ ደግሞ የአባቴን ሻይና ዳቦ እያሰብኩ ዝም አልኩ።

እኛ ጋ እንዲህ ያለ ማኅበር አለ? ከሌለ ማቋቋም ይቻላል? ቢቋቋምስ እውነት ፖሊሲ ላይ የሚለውጠው ነገር አለ ወይስ ያው መዋጮ መሰብሰቢያ ሆኖ ይቀራል?

ስሜ ይቆየኝ፦

መጀመሪያ አንድ ነገር እናጥራ። "የመሬት ባለቤቶች ማኅበር" እኛ አገር ሊኖር አይችልም፣ ምክንያቱም የመሬት ባለቤት የሚባል ግለሰብ የለም። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40ን አንብቢው። መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም። አባትሽ ባለይዞታ ናቸው። የእንግሊዙ ሰውዬ መሬቱን ሸጦ ለንደን ቤት መግዛት ይችላል፣ አባትሽ አይችሉም። ስለዚህ ማወዳደሩ ራሱ አይገጥምም ባይ ነኝ።

ጡረተኛው ሒሳብ ሠራተኛ፦

ስሜ ይቆየኝ ያለው ወንድሜ ግማሹን ብቻ ነው የነገራት። እዚያው አንቀጽ 40 ላይ ገበሬው መሬት በነፃ የማግኘትና ከይዞታው ያለመነቀል መብት አለው ይላል እኮ። መብት ካለ መብቱን የሚጠይቅ ማኅበር ለምን አይኖርም? ባለቤትነቱን ለፈላስፎች ተወውና የካሳውን ስሌት ማን ያወጣዋል፣ የመንገዱን መስመር ማን ይቀይሰዋል ብለህ ጠይቅ። ፖሊሲ ማለት ገበሬው ቤት ሲደርስ ያ ነው።

ልጄ፣ እኔ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን ውስጥ ሒሳብ ስሠራ ነው ፀጉሬ የሸበተው። ትንሽ ላውራሽ።

በንጉሡ ጊዜ ባለርስቶቹ ማኅበር አላስፈለጋቸውም፣ ፓርላማው ራሱ ማኅበራቸው ነበር። ለምክር ቤት ለመመረጥ ንብረት ሊኖርህ ግድ ነበር። የጭሰኛና የባለመሬት ግንኙነት የሚባለው የሕግ ረቂቅ ስንቴ ቀረበ፣ ስንቴ ተንከባለለ፣ አብዮቱ እስኪመጣ ድረስ አልጸደቀም። የባለመሬት ተጽዕኖ ማለት ይሄ ነው፤ ሕግ ከማውጣት ይልቅ እንዳይወጣ ማድረግ ይቀላል።

ከዚያ የካቲት 1967 የገጠር መሬትን የሕዝብ ያደረገው አዋጅ ወጣ። ገበሬ ማኅበር ተቋቋመ፣ አንዱ ማኅበር ቢያንስ 20 ጋሻ ወይም 800 ሄክታር ላይ። መጀመሪያ መሬት አከፋፈለ፣ ዳኝነት አየ፣ ሰው ደስ አለው። ቆየት ብሎ ግን የእህል ኮታ ሰብሳቢውም ለውትድርና መልማዩም እሱው ሆነ። ማኅበሩ የገበሬውን ቃል ወደ ላይ የሚያደርስ ነበር የተባለው፤ የላይኛውን ትእዛዝ ወደ ታች ማውረጃ ሆኖ አረፈው። ዛሬም ገጠር "ገበሬ ማኅበር" ስትይ ሰው የሚገባው ቀበሌ ነው። ማኅበር ሲባል ሽማግሌው ጆሮውን የሚያክከው ወዶ አይደለም።

ግን የተሳካም አለ። የኦሮሚያ ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን እ.ኤ.አ. በ1999 ተቋቋመ። ያኔ የወጪ ንግድ ቡና በጨረታ ማዕከል ማለፍ ነበረበት፣ ገበሬው ቡናው የት እንደገባ አያውቅም። እ.ኤ.አ. በ2001 ዩኒየኖች ጨረታውን ዘለው በቀጥታ ለውጭ ገዢ እንዲሸጡ ተፈቀደ። በኋላ ምርት ገበያ እ.ኤ.አ. በ2008 ሲመጣና ነጋዴው ሁሉ ቡናውን በዚያ እንዲያሳልፍ ሲገደድ እንኳ የዩኒየኖቹ ፈቃድ አልተነሳም። ለምን? የሚያሳዩት ነገር ስለነበራቸው። ገዢ አላቸው፣ ውል አላቸው፣ ለገበሬው ስንት እንደተመለሰ የሚያሳይ መዝገብ አላቸው። ባዶ እጁን "ተበድለናል" ብሎ የሚመጣ ሰው ቢሮ ውስጥ ወንበር ይሰጠዋል፣ ሻይም ይሰጠዋል። መዝገብ ይዞ የመጣውን ግን ባለሥልጣኑ ራሱ "ይሄን ኮፒ አድርጉልኝ" ይለዋል። በዓይኔ ያየሁት ነው።

ሽሮፕሻየር ያለሁት፦

የአክስትሽ ልጅ የነገረሽ ልክ ነው፣ ትንሽ ልጨምርበት። እኔ እዚህ እንግሊዝ አንድ እርሻ ቢሮ ውስጥ ነው የምሠራው። አለቃዬ ሲ ኤል ኤ የሚባለው የገጠር መሬት ባለቤቶች ማኅበር አባል ነው። እ.ኤ.አ. በ1907 ነው የተመሠረተው፣ በእንግሊዝና በዌልስ ከ25 ሺህ በላይ አባል አለው። በዓመቱ ደግሞ የገበሬዎች ኅብረት፣ ኤን ኤፍ ዩ የሚሉት፣ ተቋቋመ። አንዱ መሬት ያላቸውን፣ ሌላው የሚያርሱትን ይዟል እንበል፤ ብዙ ሰው ሁለቱም ጋ አባል ነው።

ሥራቸውን ቀረብ ብለሽ ስታዪው የሚያስገርም ነገር የለውም። መንግሥት ረቂቅ ሲያወጣ ሕዝብ አስተያየት የሚሰጥበት ጊዜ ይከፍታል። ያኔ ማኅበሩ ለአባላቱ መጠይቅ ይበትናል፤ ስንት ኤከር አለህ፣ ዕድሜህ ስንት ነው፣ ወራሽ አለህ፣ የተጣራ ገቢህ ስንት ነው? አለቃዬ እያማረረ ይሰጠኛል፣ እኔ እሞላዋለሁ። ያ ሁሉ ተደምሮ፣ ጠበቃና የግብር ባለሙያ አይቶት፣ ረቂቁ የቱ ጋ እንዲስተካከል እንደሚፈልጉ ተጽፎ ለሚኒስቴሩም ለፓርላማ ኮሚቴውም ይገባል። ፊርማ የሚያርፈው መጨረሻ ላይ ነው።

የቅርቡን ልንገርሽ። በጥቅምት 2024 መንግሥት የእርሻ መሬት የውርስ ግብር እፎይታን ቆረጠ። ከ2026 ሚያዝያ ጀምሮ ሙሉ እፎይታው እስከ 1 ሚሊዮን ፓውንድ ብቻ ይሆናል ተባለ። ሚሊዮን ፓውንድ ሲባል ሀብታም ይመስላል፤ እዚህ ግን መሬቱ ውድ ነው፣ ገቢው ትንሽ። መንግሥት "የሚነካው በዓመት 500 ያህል ውርስ ነው" አለ። ማኅበሩ "70 ሺህ እርሻ ሊነካ ይችላል" አለ። ሁለቱም አልዋሹም፤ አንዱ የአንድ ዓመቱን ቆጠረ፣ ሌላው ውሎ አድሮ ተራው የሚደርሰውን ሁሉ። በኅዳር ገበሬው ለንደንን ሞላት። በዓመቱ ታኅሣሥ ላይ መንግሥት ጣሪያውን ወደ 2.5 ሚሊዮን ከፍ አደረገው። ግብሩ አልቀረም፣ ግን ለዘበ። ሰልፉ ብቻውን ያመጣው አይመስለኝም። ሰልፈኛው ቤቱ ከገባ በኋላም ቁጥሩን ይዘው በር የሚያንኳኩ ሰዎች ነበሩ።

ደግሞ ቅዱስ እንዳይመስሉሽ። ሕዝቡ በተራራና በጋራ የግጦሽ ሜዳ ላይ በነፃነት ይራመድ የሚለው እ.ኤ.አ. የ2000 ሕግ ሲመጣ ይሄው ማኅበር ተቃውሞ ነበር። ሕጉ አለፈ፣ እኔም እሑድ እሑድ የምሄድበት ኮረብታ በእሱ የተከፈተ ነው። ማኅበር ለአባላቱ ነው የሚሟገተው፣ ለአገር አይደለም።

ጠርጣራው፦

ያወራችሁት ሁሉ ጥሩ ነው፣ ግን ሰንዳፋን ረሳችሁት እንዴ? ከለገዳዲ እኮ ቅርብ ነው።

ለአዲስ አበባ ቆሻሻ አዲስ ማስወገጃ ሰንዳፋ ላይ ተሠራ። በፈረንሳይ የልማት ድርጅት ገንዘብ፣ ዘመናዊ ነው ተብሎ። በ2008 ሥራ ጀመረ። ግማሽ ዓመት ያህል እንደቆየ፣ ክረምቱ ሲገባ፣ የአካባቢው ገበሬ "ሽታው ገደለን፣ ውኃችን ተበላሸ" ብሎ ተነሳና ተዘጋ። ቆሻሻው ወደ ቆሼ ተመለሰ። በመጋቢት 2009 ቆሼ ተናደ፣ ከ110 በላይ ሰው ሞተ።

ገበሬው ጥፋተኛ ነው እያልኩ አይደለም፣ ኧረ በጭራሽ። ግን አስቡት። ገበሬው ያለ ማኅበር፣ ያለ ጠበቃ፣ ያለ ምንም፣ ግዙፍ ፕሮጀክት አስቁሟል። አዲስ አበባን ከዙሪያዋ የኦሮሚያ ከተሞች ጋር ያያያዘው ማስተር ፕላንም በጥር 2008 የተተወው በማኅበር ደብዳቤ አልነበረም፣ በተቃውሞው ያ ሁሉ ሰው ከሞተ በኋላ ነው። ማስቆም ይቻላል። ከመጀመሪያው "እዚህ አይደለም፣ እዚያ አድርጉት፣ እንዲህ አድርጋችሁ ሥሩት" የሚል ግን ማን ነበር? አሁንስ ማን አለ?

አንድ የሚያናድደኝ ነገር ልጨምር። የአበባ አምራቾቹ እ.ኤ.አ. በ2002 ማኅበር አቋቋሙ። ሱሉልታ፣ ሆለታ፣ ሰበታ ሂዱና እዩ፣ መሬቱ በሊዝ ነው። ብድሩም፣ የግብር እፎይታውም፣ ካርጎውም ሲወራ ማኅበራቸው ጠረጴዛው ላይ ነበር። ጎበዞች ናቸው፣ አልቀናባቸውም (ትንሽ እቀናለሁ)። ግን እዚያው መሬት ላይ ቀድሞ ያርስ የነበረው ሰውዬ ወንበሩ የት ነበር?

ሕግ ተምሬ ንግድ ላይ ያለሁ፦

ማቋቋም ይቻላል ወይ ላልሽው፣ አዎ። ድሮ በአዋጅ 621/2001 ጊዜ ከባድ ነበር፤ ከ10 በመቶ በላይ ገንዘብ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት መብት ነክ ሥራ አይነካም ነበር። በ2011 የወጣው አዋጅ 1113 ያንን አንስቶታል። አሁን ተመዝግባችሁ ሕግና ፖሊሲ እንዲሻሻል መወትወት ትችላላችሁ። ሌላው መንገድ ኅብረት ሥራ ነው፣ አዋጅ 985/2009። ብዙ ገበሬ ቀድሞም የኅብረት ሥራ አባል ስለሆነ ከዜሮ አትጀምሩም።

የአባትሽ ጉዳይ ግን ማኅበር እስኪቋቋም አይጠብቅም። የካሳው አዋጅ 1161/2011 ይባላል፣ በኋላ ተሻሽሏል፣ ካሳ የመክፈሉ ኃላፊነትም ወደ ክልል ሄዷል። ዋናው ቁም ነገር እዚህ ጋ ነው፦ በድሮው ሕግ ቋሚ ካሳው የአምስት ዓመት አማካይ ገቢ በ10 ተባዝቶ ነበር። 1161 ካለፉት ሦስት ዓመታት ከፍተኛውን ወስዶ በ15 ያባዛል። ከአማካይ ወደ ከፍተኛ፣ ከ10 ወደ 15። ትንሽ ቃል ትመስላለች፣ አንድ ቤተሰብ የሚቋቋምባት ወይም የሚበተንባት ቃል ናት።

እና ጥያቄው ምንድን ነው መሰለሽ? የሦስት ዓመት ገቢውን ማን ጽፎታል? ካልተጻፈ ኮሚቴው የወረዳውን ግምት ይወስዳል። እኛ ቤት የሆነው ይሄው ነው። የአጎቴ መሬት ሲወሰድ ጤፉን በግምት ገመቱለት፣ ጭዱን ረሱት። እዚህ ከተማ ዳር ጭድ በበጋ ምን ያህል እንደሚሸጥ ላም ያለው ሰው ያውቃል። አጎቴ አፉን ሞልቶ ተከራከረ፣ ወረቀት ግን አልነበረውም። "ማስረጃ አምጣ" አሉት። የጭድ ደረሰኝ ማን ይሰጣል?

ስለዚህ አምስት ጎረቤት ሰብስቢ። መጀመሪያ የፈረሙት ወረቀት ምን እንደሆነ በጽሑፍ ጠይቁ፣ የቃለ ጉባኤው ግልባጭ ይሰጠን በሉ። ከዚያ የየቤቱን ምርት በአንድ ደብተር መዝግቡ። ማኅበሩ ስም ሳይወጣለት እዚያው ተጀመረ ማለት ነው።

ስሜ ይቆየኝ፦

እሺ ስለ ደብተሩ ተረትቻለሁ። ስለ ባለቤትነቱ ግን አልተረታሁም።

የለገዳዲ ልጅ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጋሼ ሒሳብ ሠራተኛው፣ እርስዎን በተለይ። ትናንት ማታ አባቴን አስቀምጬ ጠየቅሁት። የይዞታ ደብተሩን ከሳጥን ሥር አወጣው፣ በሁለት ፌስታል ጠቅልሎታል፣ ደህና ነው። "ባለፉት ሦስት ዓመታት ስንት ኩንታል ሸጥክ?" ስለው ጣሪያ ጣሪያውን አየና "እናትሽን ጠይቂ" አለኝ።

እማዬ ለካ በወንድሜ አሮጌ የትምህርት ቤት ደብተር ስትጽፍ ኖራለች። ጤፍ፣ ጭድ፣ ወተት፣ የተሸጠለት ሰው ስም፣ ቀኑ ጭምር። ኩንታሉን በጭረት ነው የምትቆጥረው። ሦስቱም ዓመት አለ። ችግሩ የአንዱ ዓመት ገጽ ላይ ወንድሜ ትልቅ ኳስ ተጫዋች ስሎበታል፣ ጭረቶቹ በማልያው ውስጥ ገብተዋል። ይሄ ማስረጃ ይሆናል?

ጡረተኛው ሒሳብ ሠራተኛ፦

ልጄ፣ እኔ ከዚያ የባሰ ቫውቸር አወራርጃለሁ። ጭረቶቹን ከእናትሽ ጋር ቁጠሪና ንጹሕ ወረቀት ላይ ገልብጪ፣ የገዙትን ሰዎች አስፈርሚ። ዋናውን ደብተር ግን ለማንም እንዳትሰጪ፣ ኮፒውን ብቻ።