ጓዩሳ የተባለው የደን ዛፍ በእኛ አገር ይጸድቃል?

ጥያቄ፦ ከአልዩ አምባ
ጤና ይስጥልኝ። በኢኳዶር የአማዞን ደን ጓዩሳ የሚባል ዛፍ እንዳለ፣ ቅጠሉም እንደ ሻይ ተፈልቶ እንደሚጠጣ ሰማሁ። እናቴን ልቧ እየመታ ስላስቸገራት ሐኪም ቡና እንድትቀንስ መክሯታል። ጓዩሳ ቡና ስላልሆነ አይጎዳም የሚባለው እውነት ነውን? ዘሩን አስመጥቼ ከጓሯችን ቡና አጠገብ ብተክለውስ ይጸድቃል?

መልስ፦ የእጽዋት መምህር፣ ደብረ ብርሃን
ወንድሜ፣ እናትዎን እግዚአብሔር ይማርልዎ። ጓዩሳ የሚዛመደው ከቡና ሳይሆን የማቴ ሻይ ከሚገኝበት የደቡብ አሜሪካ ዛፍ ጋር ነው፤ ሆኖም በቅጠሉ ውስጥ ያለው ካፌይን በቡና ፍሬ ውስጥ ካለው ጋር አንድ ስለሆነ፣ ልብ ከየትኛው ዛፍ እንደመጣ አይለይም። በኢኳዶር አማዞን የሚኖሩት ነባር የኪችዋ ሕዝቦች ጎህ ሳይቀድ ተነሥተው፣ በድስት ያፈሉትን ጓዩሳ በቅል እየጠጡ የሌሊቱን ሕልም ይፈታሉ፤ ለቀኑ ሥራ የሚያነቃቸውም ይኸው ካፌይን ነው። ቅጠሉ ብዙ ቢፈላም እንደ ሻይ ቅጠል አፍ የሚይዝ ምሬት የለውም፤ ሰው ቀላል መጠጥ አድርጎ የሚቆጥረው በዚህ ልስላሴው ይመስለኛል።

ዘር ማስመጣቱም አያዋጣዎትም። በሰው እጅ የሚለማው ጓዩሳ ፍሬ የሚይዘው ከስንት አንዴ በመሆኑ የሚራባው ቅርንጫፉ ተቆርጦ በመተከል ነው፤ ከባሕር ማዶ የመጣ ቁራጭ ደግሞ ተባይና በሽታ አምጥቶ ቡናዎን እንዳይጨርስብዎ፣ ያለ ኳራንቲን ፈቃድ ፈጽሞ መግባት የለበትም።

መልስ፦ የችግኝ ጣቢያ ሠራተኛ፣ ደብረ ሲና
መምህር ባሉት ላይ የአየር ጠባዩን ልጨምር። ጓዩሳ በብዛት በሚለማበት በኢኳዶር ናፖ ግዛት ቆላማ ደን በዓመት ከ3,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ይወርዳል፤ የእኛ ዝናብ ግን አብዛኛው በክረምት ወራት ያልቃል። ደብረ ብርሃን ላይ ውርጩ ያቃጥለዋል፣ ሸዋ ሮቢት ላይ በጋው ያደርቀዋል። አልዩ አምባ ምናልባት በመስኖ ይቆም ይሆናል፤ ያን ያህል ውኃ ካለዎት ግን ለቡናው ቢያውሉት ይሻላል።

መልስ፦ የሐረር ልጅ፣ ደብረ ብርሃን ነዋሪ
ወንድሜ፣ ቅጠል መጠጣት ከሆነ ሐረር የቡናውን ቅጠል አድርቀን ቁጢ እናፈላለን፤ ካፌይን ግን በእርሱም ውስጥ አለ፣ በተለይ በለጋው ቅጠል ይበረታል፤ ስለዚህ ለእናትዎ አልመክርም። ካፌይን የሌለው ከተፈለገ ከደጋው የሚወርደው ጦስኝ ገበያ ላይ ሞልቷል። አፈሩን አጥበው፣ ውኃው ፈልቶ ከእሳት ከወረደ በኋላ ጨምረው ይክደኑት፤ መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ግን አስቀድመው ሐኪማቸውን ይጠይቁ።