የወረዳ አገልግሎት ዲጂታል እንዳይሆን የያዘው ኔትወርኩ ነው ወይስ ማኅተሙ?

መነሻ፦ በሰኔ 2012 የጸደቀው የ«ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025» ስትራቴጂ ዘመኑን ጨርሷል። በብዙ ወረዳዎች ግን ባለጉዳዩ ዛሬም ዶሴው እስኪገኝ ደጅ ሲጠና ይውላል። ዋናው እንቅፋት ምንድን ነው?

የሲስተም ባለሙያ፦ መሠረተ ልማቱ ነው። መብራት ሲሄድ ወይም ኔትወርክ ሲቋረጥ ሠራተኛው «ሲስተም የለም» ከማለት በቀር ምርጫ የለውም። ከ20 ዓመት በፊት የተጀመረው፣ ወረዳዎችን የሚያገናኘው የመንግሥት ኔትወርክ ወረዳኔት እንኳ ጎልቶ የታየው በቪዲዮ ስብሰባ ነው፤ በመስኮቱ በኩል ለቆመው ሰው የተረፈው ጥቂት ነው።

የመዝገብ ቤት ሠራተኛ፦ በከፊል ብቻ እስማማለሁ፤ ኔትወርኩ ሳይቆራረጥ በዋለበት ዕለትም ሰልፉ አላጠረምና። ያላገባ ማስረጃ ለሚጠይቅ ሰው ማመልከቻውን በወረቀት እንቀበላለን፣ ዶሴውን ከመደርደሪያ አውርደን እናመሳክራለን፣ ኮምፒውተር ላይ እንጽፋለን፣ አትመን ለኃላፊው ፊርማ እንልካለን፣ ክቡን ማኅተም እናሳርፍበታለን፣ ቀሪውን ኮፒ ደግሞ እዚያው ዶሴ ውስጥ እናስራለን። ኮምፒውተሩ አንድ ሥራ ጨመረልን እንጂ አንድም አልቀነሰልንም። የኤሌክትሮኒክ ፊርማ በአዋጅ ቁጥር 1072/2010፣ የኤሌክትሮኒክ ግብይት በአዋጅ ቁጥር 1205/2012 ሕግ ወጥቶላቸዋል፤ ማኅተሙ ግን ከቦታው አልተነቃነቀም።

ተገልጋይ፦ ሁለታችሁም ዶሴው ውስጥ ያለውን ዘነጋችሁት። የአባቴ ስም በዶሴው «ኃይሉ»፣ በመታወቂያዬ «ሀይሉ» ተብሎ በመጻፉ ኮምፒውተሩ «አልተገኘም» አለኝ፤ ያገኙኝ በዕድሜ የገፉት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ናቸው፣ ያውም በቤት ቁጥር። (ለማንበብ አንድ የሆነው ፊደል ለማሽን ሁለት መሆኑን ያን ቀን ተማርኩ።)

የሲስተም ባለሙያ፦ የፋይዳ፣ ማለትም የብሔራዊ ዲጂታል መታወቂያው፣ ቁጥር የመጣው ለዚህ ነው፤ ፍለጋው በቁጥር ከሆነ ሀሌታው «ሀ» ይሁን ብዙኃኑ «ኀ» ለውጥ የለውም።

ተገልጋይ፦ ፋይዳ ማንነቴን ይናገራል። ማግባት አለማግባቴን፣ የምኖርበት የቀበሌ ቤት በማን ስም እንደተመዘገበ ግን የሚናገረው ያ ዶሴ ነው፤ እርሱ ተመርምሮና ታርሞ ካልገባ ቁጥሩ ባዶ መሳቢያ ይከፍታል።

የመዝገብ ቤት ሠራተኛ፦ ለማስገባትማ ፈቃደኞች ነን። ይሁን እንጂ ነገ ስህተት ቢገኝ የሚጠየቀው መረጃውን ያስገባው ሠራተኛ ነው፤ ኦዲተሩም ሲመጣ ፊርማ ያለበትን ወረቀት አምጡ ይላል እንጂ ኮምፒውተሩን ክፈቱልኝ ሲል አልሰማሁም። ኃላፊው በሲስተሙ ላይ እንዲፈርምና ያ ፊርማ ለኦዲት በቂ እንዲሆን በመመሪያ እስካልተደነገገ ድረስ፣ እኔም ዶሴዬን ከእጄ አላወጣም።