ሁለት ፈቃድ በአንድ መጽሐፍ፤ እባካችሁ መላ በሉኝ

ሰላም ለሁላችሁ። ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ለተባለው የምናብ ሚና ጨዋታ 5ኛ እትም የሚሆን ባለ 40 ገጽ ጀብዱ (ተጫዋቾች የሚጫወቱት ታሪክ) ጽፌ ጨርሻለሁ። ላሳትመው ስል ግን ፈቃዱ ላይ ተቸከልኩ።

ደንቦቹን የወሰድኩት ከኤስአርዲ 5.1፣ ማለትም ከጨዋታው መሠረታዊ ደንቦች ሰነድ ነው። እሱ እ.ኤ.አ. በ2023 ምንጩን ጠቅሶ መጠቀም በሚፈቅደው የክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ ስለተለቀቀ ብዙም አያሳስበኝም። ምንጩን በተባለው ቃል ጠቅሻለሁ።

ጣጣው ገጽ 23 ላይ ነው። እዚያ ያለችው የረግረግ ጭራቅ የኔ ፈጠራ አይደለችም። ከሌላ አሳታሚ መጽሐፍ ነው ያመጣኋት፣ መጽሐፉ ደግሞ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2000 በወጣው ክፍት የጨዋታ ፈቃድ፣ በኦጂኤል 1.0ኤ ብቻ ነው። የሕይወት ነጥቧንና የመርዟን ደንብ እንዳለ ገልብጫለሁ። ስሟንም አልቀየርኩም። የመጽሐፉ የመጨረሻ ገጽ «የጭራቆቹ መግለጫ ክፍት ነው፣ ከተጸውኦ ስሞች በስተቀር» ይላል። የሷ ስም የተጸውኦ ነው ወይስ የዝርያ? ሦስቴ አንብቤው አልገባኝም።

የኦጂኤልን ሙሉ ጽሑፍ ከኋላ አስገብቼ፣ በፈቃዱ ክፍል 15 ላይ የዚያን መጽሐፍ የባለቤትነት ማስታወቂያ ብጨምር፣ እሷን ብቻ በኦጂኤል፣ ሌላውን በክሪኤቲቭ ኮመንስ ብዬ መለየት እችላለሁ? ሌላው የሽፋኑ ነገር ነው። ኦጂኤል የሌላን ሰው የንግድ ምልክት ጠቅሶ «ከዚህ ጋር ይሄዳል» ማለትን ያለ ስምምነት ይከለክላል። በአንዲት ጭራቅ የተነሳ «ለ5ኛ እትም» የሚለውን ከሽፋኑ ላንሳ እንዴ?

አውጥተህ ጣላት እንደምትሉኝ አውቃለሁ። ግን ምዕራፍ 4 በሙሉ የቆመው በሷ ላይ ነው። ሁለቱን ቀላቅሎ ያሳተመ ካለ፣ ክፍል 15ን እንዴት እንደጻፈው ያሳየኝ።